የማር ቈራጭ እጅ የት ላይ ይቁም?

ከጓሮ ቀፎ ማር መቍረጥ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የሙያ ጕዳይ እንጂ የግብረ ገብ ጥያቄ አይመስልም። ቀፎ አለ፤ ማር አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ይቈረጣል፤ ከዚያም ይበላል፣ ይሸጣል፣ ወይም ጠጅ ይጣልበታል። ስለ ማር የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰውም ምናልባት ስለ ጢስ አያያዝ ወይም ስለ ቀፎ አሠራር ምክር ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ለማንሣት የፈለግሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ማር ቈራጩ በጨለማ እጁን ወደ ቀፎው ሰዶ የማሩን እንጀራ አንድ በአንድ ሲያወጣ፣ በመጨረሻ እጁን የሚያቆምበት ስፍራ የት ነው? የሚያቆመውስ ማን ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው ስለ ንብ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከሌላው ድካም ድርሻውን የሚወስድ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ሲወስድ የሚያየው የሌለ ሰው፣ አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ፊት ሳይቆም አይቀርም።

ነገሩን በዐይኑ ያላየ ከተሜ አንባቢ ቢኖር ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀርበት፣ አስቀድሜ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልግለጥ። የአገራችን ባህላዊ ቀፎ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ እንደ ግንድ የተድበለበለ ነገር ነው። በጓሮ ያለ እንደ ሆነ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወይም ከመደብ ላይ ይጋደማል። በፊቱ በኩል ንቦቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ በኋላው በኩል የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለው። አውራዋ እንቍላሏን የምትጥልበትና እጮቹ የሚያድጉበት እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መግቢያው የቀረበ ሲሆን፣ ማሩ ወደ ኋላ ይከማቻል። ስለዚህ ማር ቈራጭ የሚመጣው ከኋላ ነው።

የዋናው ቈረጣ ወራት፣ በብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገር፣ አደይ አበባና ኑግ አብበው ካለፉ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በአንዳንድ ስፍራም በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ቈረጣ አለ። ቈራጩ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይነሣል። በገል ላይ ፍም አድርጎ ኩበት ያጨሳል፤ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ጢሱን እፍ እያለ ያስገባል፤ ንቦቹ ወደ ፊት ሲያፈገፍጉለት እጁን ይሰዳል። ባለሙያ የሆነ እንደ ሆነ በሰም የታሸገውን፣ የበሰለውን እንጀራ ብቻ እየለየ ይቈርጣል፤ እጭ ያለበትንና የአበባው ዱቄት የተከማቸበትን ይተወዋል። ሙያ የሌለው ወይም የቸኰለ እንደ ሆነ ግን ያገኘውን ሁሉ መንጭቆ ያወጣል።

ስለ ጢሱ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው ጢስ ንብን የሚያሰክር ይመስለዋልና። ጢስ ሁለት ነገር ያደርጋል። ንብ ስትቈጣ ለባልንጀሮቿ የምትረጨውን የማስጠንቀቂያ ሽታ ይሸፍናል፤ ደግሞም እሳት የመጣ አስመስሎ ያስደነግጣቸዋል። ንቦቹ ለስደት የሚሆን ስንቅ ለመያዝ ወደ ማሩ እየተሽቀዳደሙ ሆዳቸውን ይሞላሉ፤ ሆዷ የሞላ ንብም ለመንደፍ ትሰንፋለች። እንግዲህ ቈረጣው የሚጀምረው በማታለል ነው። ያልነደደውን ጫካ ነደደ ብለን፣ ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ ሲሰናዱ በግርግሩ መካከል እንገባለን። ይህን ስል ጢስን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰውን የነደፈች ንብ መንደፊያዋ ከሥጋው ውስጥ ቀርቶ እርስዋም ትሞታለችና፣ ጢሱ ለሁለቱም ወገን ምሕረት አለው። ነገር ግን «ንቦቼ ማር ሰጡኝ» የሚለውን አነጋገር ስሰማ ይህ ጢስ ትዝ ይለኛል። ንብ አልሰጠችም፤ እኛ ወሰድን። ከዚህ የተነሣ ነገራችንን ከዚህ እውነት ብንጀምረው ይሻላል።

በምን መብት እንወስዳለን ተብሎ ቢጠየቅ፣ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ቀፎው የኔ ነው፤ ንቡም የኔ ነው» የሚል ነው። የቀፎው ነገር አያከራክርም። የንቡ ነገር ግን የጥንት ሕግ ዐዋቂዎችን ሳይቀር አሳስቧል። በንጉሠ ነገሥቱ በዮስቲንያኖስ ትእዛዝ በ533 የወጣው የሮማውያን የሕግ መማሪያ መጽሐፍ (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ንብን ከዱር እንስሳት ወገን ይቈጥራታል። በዛፍህ ላይ ያረፈ የንብ መንጋ በቀፎ እስክታስገባው ድረስ፣ በዚያው ዛፍ ላይ ጎጆዋን ከሠራች ወፍ የበለጠ ያንተ አይደለም። ከቀፎህ የወጣ መንጋም ያንተ የሚሆነው ከዐይንህ እስካልተሰወረና ተከታትለህ ለመያዝ እስካላስቸገረህ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ለያዘው ይሆናል። እንዲህ ያለው ባለቤትነት እንግዳ ነገር ነው። በግ ጠፍታ ብትከርም የባለቤቷ ናት፤ ንብ ግን ያንተ የምትሆነው ካንተ ዘንድ ለመቀመጥ እስከ ፈቀደች ድረስ ብቻ ነው። ይልቁንም የአፍሪካ ንብ ቤቷ ሲታወክባት ነቅላ ለመኰብለል የፈጠነች መሆኗን አናቢ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህም ሌላ፣ ማሩ የተቀሰመው ከማን ማሳ ነው? ንብ ለመቅሰም ብዙ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የጎረቤትን ኑግ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይራን፣ የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍን ድንበር ሳትለይ ታዳርሳለች። ጎረቤቱ በዚህ አልተጎዳም፤ እንዲያውም ኑግ ደኅና ፍሬ እንዲይዝ የአበባውን ዱቄት ከተክል ወደ ተክል የሚያደርስለት ስለሚያሻው ተጠቅሟል። ይህ እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም «የኔ» የሚለውን ቃል ያሳሳዋል እንጂ አያጠነክረውም። በአንድ ሰው ጓሮ የተቈረጠ ማር የመንደሩ ሁሉ አበባ አለበትና።

ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው ይልቅ ጨዋነት አለው። «እኔ ቤት ሰጠኋቸው፤ እነሱም ኪራይ ይከፍሉኛል» የሚል ነው። በእርግጥም ደኅና አናቢ ለንቦቹ የሚደክመው ድካም ጥቂት አይደለም። ቀፎውን አጥኖ ያሰናዳል፤ ከጉንዳን ለመከላከል በመደቡ እግር ዙሪያ ዐመድ ይነሰንሳል፤ በበጋ ውሃ ያቀርባል፤ አበባ በጠፋበት ወራት ሽሮ ወይም በሶ፣ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር የሚያቀርብም አለ። ነገር ግን ንብ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት በዛፍ ፍርክታና በገደል ዋሻ ስትኖር የቈየች ናት። ኪራይ የሚባለው ተከራዩ የዋጋውን ልክ ዐውቆ የተስማማበት እንደ ሆነ ነው። በዓመት አንድ ሌሊት ከኋላ በር ገብቶ፣ የፈለገውን ያህል ወስዶ፣ ልኩንም ራሱ የሚወስን አከራይ ቢገኝ ምን ብለን እንደምንጠራው አንባቢ ያውቃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ልግባ። በሥራው ወራት የምትሠራ ንብ ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ዕድሜዋ የምታዘጋጀው ማር የሻይ ማንኪያ ዐሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው ይባላል። በመስከረም አጋማሽ በአደይ አበባ ላይ ስትመላለስ ያየናት ንብ፣ በኅዳር ቀፎው ሲከፈት በሕይወት የለችም። እንግዲህ የምንወስደው ማር የሠሩት ሞተዋል፤ የሚጠብቁት አልሠሩትም ወይም ጥቂቱን ብቻ ሠርተዋል፤ ሊበሉት የታሰበላቸውም ብዙዎቹ ገና እጭ ናቸው፤ ወይም ከእንቍላሉ አልወጡም። ማሩ የሠራተኛ ደመወዝ አይደለም፤ ውርስ ነው። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ማር ቈራጩን ሳስበው በሌባና በባለ ንብረት መካከል የማመነታው ነገር ቀርቶልኛል። እኔ የምመስለው በሙት ልጅ ሞግዚት ነው። ሞግዚት ስለ ድካሙ ከውርሱ ጥቂት ቢወስድ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን የውርሱን ቍጥር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሕፃኑ አያውቅም።

ይህን ነገር አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ባነሣ፣ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ የሙት ልጅ አድጎ ይጠይቃል፤ ንብ ግን መበደሏን አታውቅም። ያላወቀስ ይበደላልን?» ጥያቄው መልካም ነበር፤ በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ ግን አላረካኝም ነበር። ዛሬ ብመልስለት እንዲህ የምለው ይመስለኛል። ጠያቂ ያለበት ዕዳ የሚከፈለው ከፊሉ ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ከፊሉም ስመ ጥሩነትን ከመሻት ነው። ሞግዚቱ ለሕፃኑ ቢታመን፣ ሲያድግ እንዳይጠይቀው ፈርቶ ነው ወይስ እውነትን ወዶ ነው? ራሱም ለይቶ አያውቀው ይሆናል። ጠያቂ ከቶ በማይኖርበት ስፍራ ግን ፍርሃቱ ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያ የሚቀር ነገር ቢኖር የፍትሕ ፍቅር የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ የንብ አለማወቅ የእኛን ዕዳ የሚያቀል ሳይሆን፣ ዕዳ የምንለው ነገር በውስጣችን መኖር አለመኖሩን የሚገልጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ስለ ንብ የጻፉ የግብረ ገብ ሰዎች ከንብ ቀፎ የመንግሥትን ሥርዓት፣ የመታዘዝንና የትጋትን ትምህርት ለማውጣት ሲደክሙ ኖረዋል። በእኛም አገር ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና እናቱም ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ እንደ ተረጐመችው ትውፊቱ ይናገራል። በአውሮፓም ከእነ አርስጣጣሊስ ጀምሮ የቀፎው አለቃ ንጉሥ ነው ሲባል ኖሮ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ሴት መሆኗን አስታወቀ፤ ከእሱም በኋላ ሆላንዳዊው ስዋመርዳም አካሏን ከፍቶ የእንቍላል ማኅደሯን አሳየ። እኛም እስከ ዛሬ አውራ እንላታለን፤ አውራ ዶሮ እንደምንል ማለት ነው። ሰው ወደ ቀፎው ተመልክቶ ያየው ራሱን ነበር። እኔም ከንብ ትምህርት ለመውሰድ አልመጣሁም። የምጠይቀው ንብ ምን ዐይነት ናት ብዬ ሳይሆን፣ ቀፎውን የሚከፍተው ሰው ምን ዐይነት ነው ብዬ ነው።

ወደ ሦስተኛው መልስ እንምጣ፤ ዐዋቂዎች የሚወዱት ይኸኛውን ነው። «ሁሉን አትውሰድ፤ ለከርሞ እንድታገኝ ጥቂት ተው» ይላል። ይህን ምክር የሚንቅ ሰው ሞኝ ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት በሣር ቀፎ የሚያነቡ ሰዎች ማር ለመውሰድ ሲሉ በመከር ጊዜ ከቀፎው በታች ድኝ አቃጥለው ንቡን ሁሉ ይገድሉ ነበር። አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ በ1851 አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ንብ በእንጀራና በእንጀራ መካከል ለመተላለፊያ የምትተወው ክፍተት ልክ ያለው ነው፤ ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ትደፍነዋለች፤ የሰፋውን በሰም ትሞላዋለች። ክፍተቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ልክ ፍሬሞችን አዘጋጅቶ፣ ንብ ሳይገደል፣ ቤቱም ሳይፈርስ ማሩ የሚወጣበትን ቀፎ ሠራ፤ በ1852ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬ በአገራችን ዘመናዊ ቀፎ የምንለው የዚሁ ዘር ነው። ባህላዊው ቀፎ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲሰጥ፣ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚዋ ሆና ሳለች ቀፎዋ አሁንም በብዛት ባህላዊው ነውና፣ የግብርና ሠራተኞች አዲሱን ቀፎ ለማስፋፋት መድከማቸው ተገቢ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው የእጅን ጥያቄ አልመለሰውም። በዘመናዊው ቀፎ እጩን ሳይነኩ ማሩን ብቻ መውሰድ ይቻላል፤ ማሩን ሁሉ ጠርጎ ወስዶ በምትኩ የስኳር ውሃ ማስቀመጥም ይቻላል። መሣሪያው ለጥሩውም ለክፉውም እጅ አቅልሎለታል። ደግሞም «ለከርሞ ተው» የሚለው ምክር ስለ ራሴ ጥቅም የተነገረ ነው እንጂ ስለ ንቡ የተነገረ አይደለም። አርቆ የሚያይ ሆድ ከቅርብ አዳሪ ሆድ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ሆድ ነው። ጥንቃቄና ፍትሕ በአንድ መንገድ አብረው ሲሄዱ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም። የሚታወቀው መንገዱ ሲለያይ ነው። የሚለያየውም ከርሞ የሌለ እንደ ሆነ ነው።

ከርሞ የሌለው ቈረጣ አለ። ሰው ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ሲል፣ የኪራይ ዘመኑ ሲያልቅ፣ ወይም እንደ እኛ እንደ መንግሥት ሠራተኞች የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰው የሚቈርጠው ማር ነው። በዚያ ሌሊት ጥንቃቄ ሁሉን ውሰድ ይላል፤ ለማን ትተዋለህ? ይላል። ቋንቋችንም ለዚህ ሌሊት የተዘጋጀ ተረት አለው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይባላል። ይህን ተረት በቢሮ ኮሪደር፣ በመሸኛ ግብዣ ላይ፣ አንዳንዴም በሣቅ መካከል ያልሰማ የለም። እኔ ከዚህ ተረት ጋር የተገናኘሁት በቢሮ አልነበረም፤ በጓሮዬ ነበር።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ አንድ ቃል ላንሣ። በጥንቱ የገባር ሥርዓት ማር በጉንዶ እየተለካ ለመኳንንቱና ለባለ ጕልቱ የሚገባ ግብር ነበር። ቋንቋችን ግብር በሚለው በአንዱ ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል፤ ገበሬው ለጌታው የሚያስገባውም ግብር ነው፤ ጌታው አዳራሹን ከፍቶ ሰው የሚያበላበትና የሚያጠጣበትም ግብር ነው። ማሩ በአንዱ ግብር በጉንዶ ገብቶ፣ በሌላው ግብር ጠጅ ሆኖ በብርሌ ይወጣ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራው ይስተናገድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ለጠጡት ሰዎች ይህ ቸርነት ነበር፤ ቸርነት መሆኑንም አልክድም። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮታል። ያነሣሁትም ያለፈውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ከወሰዱ በኋላ የሚደረግ ቸርነት የአወሳሰዱን ጥያቄ እንደማይመልስ ለማመልከት ነው። ማሩን ለድኻ ያበላ፣ ከሰሙም ጧፍ ሠርቶ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ ማር ቈራጭ መልካም አደረገ። ቀፎውን ባዶ አድርጎ እንደ ሆነ ግን የሰጠው ከራሱ ድርሻ ብቻ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በጓሮዋ አንድ ቀፎ ብቻ ያላት ድኻ ሴት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት እንዳይቀርባት ደብተርና ልብስ ለመግዛት ስትል እስከ መጨረሻው እንጀራ ብትቈርጥ፣ እኔ ጠግቤ አድሬ በእርስዋ ላይ ለመፍረድ አፌን አልከፍትም። በችግር የተዘረጋ እጅ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ችግሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ችግር ሳይኖርበት፣ ስለሚሄድ ብቻ ሁሉን ስለሚወስደው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም።

በ1988 ዓ.ም. በዳንግላ አካባቢ አስተማሪ ነበርሁ። በተከራየሁት ቤት ጓሮ ሁለት ቀፎ ነበረኝ። ንብ ማነብን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቀፎ አብረውኝ አጥነዋል፤ የመጀመሪያውንም ማር አብረውኝ ቈርጠዋል። በዚያ ሌሊት ስንት እንጀራ እንደ ተውሁ እየቈጠርሁ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ለእነሱ የተውህላቸውን ማንም አይቈጥርልህም፤ አንተም አትቍጠረው» አሉኝ። ነገሩ ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ አልፌው ነበር።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወደ ሌላ አውራጃ መዛወሬን የሚገልጥ ደብዳቤ ደረሰኝ። በአምስት ቀን ውስጥ ዕቃዬን ጭኜ መሄድ ነበረብኝ። ሁለቱም ቀፎዎች ከብደው ነበር፤ የኑጉ አበባ በዚያ ዓመት መልካም ነበርና። ቀፎዎቹን ይዤ ልሂድ ብል የሚጭንልኝ መኪና አላገኘሁም። በሦስተኛው ሌሊት ብቻዬን ተነሣሁ። ሽማግሌውን አልጠራኋቸውም፤ ለምን እንዳልጠራኋቸው ዛሬ ዐውቀዋለሁ። ኩበቱን አጨስሁ፤ የመጀመሪያውን ቀፎ ከፈትሁ፤ ማሩን አወጣሁ። የታሸገው አለቀ፤ ያልታሸገውንም አወጣሁ። ያ ተረት በጆሮዬ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ የነካው ነገር ለስላሳና ሞቅ ያለ ሆነብኝ፤ በፋኖሱ ብርሃን ባየው፣ ነጫጭ እጭ የሞላበት እንጀራ ነው። እሱንም አወጣሁት። ማር አልነበረበትም። ለምን እንዳወጣሁት እስከ ዛሬ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት የለኝም፤ እጅ አንድ ጊዜ መንገድ ከጀመረ የሚቆመው ግድግዳ ሲያገኝ ነው ከማለት በቀር።

እጆቼን በሣር ጠርጌ ወደ ሁለተኛው ቀፎ ሄድሁ። ከዚህኛው የወሰድሁት እኩሌታውን ነው። የቀረውን ትቼ ክዳኑን ገጠምሁት። ይህን ያደረግሁት በፍትሕ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በጣቶቼ ላይ የተጣበቀውን እጭ ተጸይፌ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደክሞኝ ይሆናል፤ ባልዲውም ሞልቶ ነበር። እኔ ራሴ በሥራው ላይ ሆኜ ያልለየሁትን ነገር ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልለየው አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሁለቱን ቀፎዎች ስዘጋ እጄ አንድ ዐይነት እንዳልነበረ ነው። የመጀመሪያውን ክዳን የዘጋሁት ቶሎ ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው መጡ። ከመጀመሪያው ቀፎ በታች የወደቀውን እንጀራ አዩ። ምንም አላሉኝም። የኋላውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱና መልሰው ገጠሙት፤ ከዚያም ጭቃና እበት ለውሰው፣ በውስጡ ገና የሚከርም ሰው ያለበት ይመስል፣ የክዳኑን ዙሪያ በዝግታ መረጉት። እኔ ዕቃ ስጠርዝ እሳቸው ሲመርጉ ያ ጧት አለፈ። ስንሰነባበት አቅፈው ሳሙኝ፤ መረቁኝም።

ማሩን በገበያ ሸጥሁት። ዋጋው ለጭነቱ ከበቃኝ በኋላ ጥቂት ተርፎኝ ነበር።

በየካቲት ከእኔ በኋላ በዚያ ቤት ከገባው አስተማሪ ደብዳቤ መጣልኝ። ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ተማሪዎቹ ብዙ ከጻፈ በኋላ በመጨረሻ ስለ ቀፎዎቹ አነሣ። የአንዱ ቀፎ ንቦች እሱ ከመግባቱ በፊት ሄደው ነበር። የሌላው ንቦች ቈይተው፣ ታኅሣሥ ሲገባ ጉንዳን ወርሯቸው በአንድ ሌሊት ኰበለሉ። እሱ ቀፎውን ቢከፍት ግን ብዙ የማር እንጀራ አገኘበት፤ ቤተሰቡም ለጥምቀት ጠጅ ጣሉበት። ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ማር ትቶ መሄድ በዛሬ ዘመን የማይገኝ ደግነት መሆኑን ገልጦ፣ ከልብ አመስግኖኛል።

መልስ ጻፍሁለት። ጤንነቱን ጠየቅሁ፤ ሽማግሌውንም ሰላም እንዲልልኝ ለመንሁት። ማሩ ለእሱ የተተወ አለመሆኑን ግን አልጻፍሁለትም።